ቤት ይነበባል የሚሉት አጎት

ቤት ገዝቶ የማያውቅ ሰው ስለ ቤት የማያውቀው ነገር የለም። ይህ በየትም የጸና ሕግ ነው፤ አልተጻፈም እንጂ ቢጻፍ ኖሮ አንቀጽ አንድ በሆነ ነበር። የገዛማ ዝም ይላል። የገዛው ሰው ኮርኒሱ ሥር ባልዲ ደቅኗል፤ የጓዳው በር በትከሻ ካልተገፋ እንደማይከፈት ያውቃል፤ ስለዚህ ሌላውን ለመምከር ፊት የለውም። ያልገዛው ግን ምን ገዶት! አንዲት ሚስማር በስሙ አልተመታችም፤ አፉም እንደ ገበያ በር ከንጋት እስከ ምሽት ክፍት ነው።

በየዘመዱ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አለ። አጎት ነው። አጎት ከጠፋ የእናት የአክስት ልጅ ነው። እሱም ከጠፋ ከጎረቤት ይበደሩታል እንጂ ያለ እሱ ቤት የገዛ ሰው አልተሰማም። «እኔ ሳላየው እንዳትፈርም!» ይላል። ሲያየውም ነገሩ ያበቃል።

ለፀጉር አስተካካዩ የደረሱት የሚስቱ አጎት ነበሩ። «አጎቴ» ብሏቸው አያውቅም፤ ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ ከኋላቸው «የሚስቴ አጎት»፣ ሲናደድ ደግሞ ወደ ሚስቱ ዞሮ «አጎትሽ!» ነበር የሚለው። እኛም አንቱ እንበላቸው፤ ለዕድሜያቸው እንጂ ለእውቀታቸው አይደለም።

ክቡር አጎት ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት እርማት አንባቢ ነበሩ። ሌላው የጻፈውን ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ያርማሉ፤ ራሳቸው አንድ መስመር ጽፈው አያውቁም። ጡረታ ሲወጡ የተሰጣቸው የግድግዳ ሰዓት ላይ ስማቸው ተቀርጾ ነበር፤ አንድ ፊደል ስለጎደለው በሥነ ሥርዓቱ መካከል፣ ጭብጨባው ሳያባራ፣ «ይታረም» ብለው መልሰውታል። አርባ ዓመት ሙሉ የሚኖሩት አንድ ክፍል ተከራይተው ነው። ለምን ቤት አልገዙም ቢባሉ፣ «እርማት የሌለው ቤት አላገኘሁማ!» ይላሉ፤ ጥፋቱ የከተማው ነው ማለት ነው።

«ቤት አይታይም፤ ይነበባል» የሚለው የሳቸው ቃል ነው። ለማንበቢያም ሦስት መሣሪያ አላቸው፦ ቀይ እስክሪብቶ፣ የኪስ ማስታወሻ ደብተር፣ እና አንዲት ብይ። አዎ፣ ብይ፤ መሐሏ አረንጓዴ ጅማት ያላት የመስታወት ብይ። አንድ ቤት ሲገቡ ባለቤቱን ሰላም ከማለታቸው በፊት ጎንበስ ብለው ብይዋን ክፍሉ መሐል ያስቀምጣሉ፤ እጃቸውን ያነሡና «ዝም!» ይላሉ። ያኔ ሻጭ ዝም ይላል፤ ገዢ ዝም ይላል፤ ዝም ብሎ የማያውቀው ደላላም ዝም ይላል። ብይዋ ንቅንቅ ካለች ቤቱ አበቃለት። ግንበኞች ውሃ ልክ የሚሉት መሣሪያ እንዳላቸው ቢነገራቸው፣ «ውሃ ልክ የግንበኛ ወዳጅ ነው፤ ብይ ግን ወዳጅ የላትም» ብለው መለሱ።

ፀጉር አስተካካዩና ነርሷ ሚስቱ ለዚች ብይ የተጋለጡት ጊዜ ሳይኖራቸው ነው። አከራያቸው «ልጄ ሊያገባ ስለሆነ ክፍሉን እፈልገዋለሁ፤ ክረምት ሳይገባ ልቀቁልኝ» ብሏቸዋል። እጃቸው ላይ ያለው የስምንት ዓመት ቁጠባ ነው። እሱ ስምንት ዓመት ቆሞ የላጨው ጭንቅላት፣ እሷ ስምንት ዓመት ያደረችው ተረኝነት፣ ሁሉም ተጠቅልሎ አንድ ቤት ሊሆን ነው። አንዴ ከተሳሳቱ ሌላ ስምንት ዓመት የለም።

ታዲያ የቤት ገዢ ነገር፣ በተለይ የመጀመሪያ ገዢ ነገር፣ ያሳዝናል ወይስ ያስቃል? ፀጉር አስተካካዩ መጀመሪያ ያየውን ቤት የወደደው በሩ ሰማያዊ ስለነበረ ነው! ጣሪያውን ቀና ብሎ አላየም፤ የቧንቧውን ውሃ ከፍቶ አልሞከረም፤ ሰማያዊ በር አየና ልቡ ቀለጠ። ሲገባ ደግሞ ትልቅ መስኮት፣ መስኮቱ ላይ መጋረጃ። «መጋረጃውን አየሽው?» አላት ሚስቱን። መጋረጃው ከሻጩ ጋር እንደሚሄድ ያስታወሰው አልነበረም።

ክቡር አጎት ብይዋን አስቀመጡ። ብይዋ ትንሽ አሰበችና ቀጥ ብላ ወደ ሰማያዊው በር ተንከባለለች።

«አየህ፣ አንተ ልጅ» አሉ አጎት፣ «ቤቱ ራሱ ውጡልኝ እያለ ነው። ቀጥል!»

«ጋሼ፣ እሱ'ኮ ምንም አይደል፤ ምንጣፍ ቢነጠፍበት...»

«ስህተት ላይ ምንጣፍ አይነጠፍም! ቀጥል!»

ቀጠሉ። ሁለተኛው ቤት አዲስ ቀለም ተቀብቶ ነበር። አጎት አፍንጫቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው አሸተቱ፤ «አዲስ ቀለም የአሮጌ ጉድ ምስክር ነው» አሉ። ይህንስ እውነት ተናገሩ። ብይዋ ግን የሻጩ አማት ታመው በተኙበት አልጋ ሥር ገባች፤ የተከበሩት አራሚም በሆዳቸው ተስበው ገቡ። አሮጊቷ ከላይ «ማነው? ምንድነው?» እያሉ ሲጮኹ፣ ከታች «አይዞዎት እማማ፣ ሁለት ጣት ዘሟል!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሻጩ ራሱ አስወጣቸው።

ሦስተኛው በሩ ይንጣጣል፤ አራተኛው ደረጃው አንዱ ከአንዱ አይተካከልም፤ አምስተኛው ላይ ስህተት ጠፋ፣ ጠፋ፣ ከዚያ የቤት ቁጥሩ ተጣሞ መሰቀሉ ተገኘ። ሁሉም ደብተሩ ላይ በቀይ ሰፍረዋል። ደላላው በበኩሉ በየቤቱ ደጃፍ «ቶሎ ወስኑ፣ ሌላ ገዢ መንገድ ላይ ነው!» ይላል። ያ ገዢ ከተወለደ ጀምሮ መንገድ ላይ ነው፤ ዛሬም አልደረሰም።

ፀጉር ቤቱም ዕረፍት አልሰጠውም። ደንበኛ ሁሉ አንሶላው ከአንገቱ ሲታሰር መምህር ይሆናል። አንዱ «ጥግ ቤት እንዳትገዛ»፤ ሌላው «ጥግ ያልሆነ እንዳትገዛ»፤ ሦስተኛው «ጎረቤቱን ሳታይ ምን ቤት አየሁ ትላለህ?» ሁሉም ተከራዮች ናቸው። አንድ ግንበኛ ብቻ፣ ጺሙ ውስጥ ሲሚንቶ የማይጠፋው ዝምተኛ ሰው፣ ሒሳቡን ከፍሎ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለና «ከመፈረምህ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ ወለሉ ላይ ድፋ። መንገዱን ካላወቀ ቤቱን ተወው» አለው። ይህን ብሎ ሄደ። ከሁሉ ምክር የሚረባው ይህ ብቻ ነበረ፤ ቀይ እስክሪብቶ ስላልያዘና ስላልጮኸ ግን ሰሚ አላገኘም። እውነት ዘወትር ድምፅዋ ትንሽ ነው፤ ደንቆሮ መጮህ ያውቃል።

ዘጠነኛው ቤት በብይዋ ፈተና በወደቀ ምሽት ባልና ሚስት ተጣሉ።

«ክረምቱ ሦስት ሳምንት ቀረው! አጎትሽ የመንደር ብይ ይዘው ሜዳ ላይ ሊጥሉን ነው!»

«አጎቴን ተው።»

«እሳቸው ይተዉኛ! አርባ ዓመት ተከራይተው ኖረው...»

«ለምን እንደተከራዩ ታውቃለህ?» አለች ነርሷ። ድምፅዋን አላነሣችም፤ እሷ ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። «አባቴ ሲሞት ለቤት ያስቀመጡት ለእኔ ትምህርት ወጣ። እርማት ምናምን የሚሉት ለወሬ ነው። እንግዲህ ዝም በል፤ እራትህን ብላ።»

ዝም አለ፤ እራቱንም በላ። ንዴቱ ግን አልወረደም። ሰው ባለውለታውን መሳደብ ሲከለከል ይብስበታል።

አሥረኛው ቤት ግራጫ፣ ዝቅ ያለ፣ ለዓይን የማይሞላ ነበር። አጎት ሳሎኑ መሐል ብይዋን አኖሩ። «ዝም!»

ብይዋ ቆመች።

መኝታ ቤት ወሰዷት፤ ቆመች። ወጥ ቤት፤ ቆመች። መታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ላይ አኖሯት፤ እንደ ተሰፋች ቆመች። ግቢው ሊሾ ላይ አወጧት፤ እዚያም ቆመች፤ ነፋስ እንኳ አላነቃነቃትም። ክቡር አጎት መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት፣ ዘጠኝ ቤት በዚች ከተማ፣ እርማት የሌለው ገጽ ገና ዛሬ ማየታቸው ነው። ቀዩን እስክሪብቶ ከደኑ፤ ከደረት ኪሳቸው ሰማያዊ አወጡ፤ ሰማያዊ እንደነበራቸውም ማንም አያውቅም ነበር። ደብተሩ ላይ አንድ ቃል ጻፉ፤ ጮክ ብለውም አነበቡት።

«ይታተም!»

ያኔ ነው ፀጉር አስተካካዩ ግቢው ጥግ የተቀመጠ ባልዲ ያየው። ውሃ ሞልቶበታል። የዝምተኛው ግንበኛ ቃል ትዝ አለው፤ ባልዲውን በማንጠልጠያው ብድግ አደረገ።

«ምን ልትሆን ነው?» አሉ አጎት።

«ትንሽ ውሃ ብናፈስበት ብዬ...»

«በተጠረገ ቤት? ሰው አጽድቶ በተቀበለን? ነውር አታውቅም እንዴ!»

«ሌላ ገዢ'ኮ መንገድ ላይ ነው» አለ ደላላው።

ፀጉር አስተካካዩ ባልዲውን አየ፣ የሚስቱን ፊት አየ። ሦስት ሳምንት። ባልዲውን አስቀመጠ። ይህ ይመዝገብ፤ ጥፋቱን ሁሉ አጎት ላይ ለመደፍደፍ ለሚቸኩል ይመዝገብ። ባልዲው የነበረው በሱ እጅ ነው።

ፈረሙ፤ ገቡ።

በገቡ በማግስቱ ጠዋት ነርሷ ከተረኝነት መጥታ ልትታጠብ ገባች። ባል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካልሲ እየለበሰ ነበር። ነጠላ ጫማው በፊቱ አለፈ። በራሱ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ሳሎን። ተከትሎት የመጣው የሳሙና አረፋ ነው።

«ውሃው አይወርድም እንዴ!» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ጋ እኮ አልተጠራቀመም!» ብላ መለሰች ከውስጥ።

ከአራት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ወረደ። ዝናቡ ግቢው ሊሾ ላይ ዐረፈ፤ ወዴት እንደሚሄድ ግራ ገባው፤ እንደ እንግዳ ትንሽ ቆሞ አሰበና ቤት ገባ። የነርሷን መጽሐፎች፣ የባልን የፀጉር ማሽን ካርቶን፣ ያልተፈታ ዕቃ ሁሉ አራሰ። ፀጉር አስተካካዩ ሱሪውን ሰብስቦ ዝምተኛውን ግንበኛ ጠራው። ግንበኛው መጣ፤ ቆመ፤ አየ። በስምንት ዓመት ደንበኝነቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

«ይህን የሠራው ጎበዝ ነው» አለ። «ወለል አይደለም የሠራው፤ ጠረጴዛ ነው።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«መታጠቢያ ቤትና ግቢ ወደ ውሃ መውረጃው ማዘንበል አለበታ! ትንሽ፤ ዓይን የማያየው። ይኸ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ውሃ በምን መንገዱን ይወቅ? ማነው ይህን ጥሩ ነው ያላችሁ?»

ባልና ሚስት ተያዩ።

ብይዋ ልክ ነበረች። ብይ መቼ ዋሸች! ቤቱ ጠማማ እንዲሆን የተፈቀደለት ሁለት ቦታ ብቻ ነበር፤ ክቡር አጎት ግን መቃናቱን ሲያዩ በደስታ ያለቀሱት እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ የሚናገረውን ሌሊቱን ሙሉ አዘጋጀ። አጭር ነው፤ መራራ ነው፤ «አጎትሽ» የሚልም የለበትም፤ ራሳቸው ፊት ነው የሚለው። «ጋሼ፣ አንዲት ቃል ልንገርዎት» ብሎ ይጀምራል። ጠዋት በሩን ሲከፍት ግን ሊሄድባቸው ያሰበው ሰው ደጁ ላይ ቆመዋል። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ተጠቅልሏል። በአንድ እጃቸው መዶሻ፣ በሌላው መሮ። ሚስቱ ነግራቸዋለች።

«የት ነው ስህተቱ?» አሉ።

«ጋሼ፣ አንዲት ቃል...»

«በኋላ ትሰድበኛለህ። የት ነው?»

መታጠቢያ ቤት ገቡ። ደብተራቸውን አወጡ፤ «ይታተም» የሚለውን ገጽ ገለጡ፤ በቀይ ሰረዙት። ከዚያም ሴራሚኩ ላይ ተንበርከኩ።

«ማተሚያ ቤት» አሉ ቀና ሳይሉ፣ «ስህተት ታትሞ ከወጣ የሚጠራው ደራሲው አይደለም፤ አራሚው ነው። እርማቱን በትንንሽ ወረቀት አትመን በያንዳንዱ ቅጂ ላይ በእጃችን እንለጥፋለን። አንዴ ሁለት ሺህ ቅጂ ለጥፌያለሁ። ብቻዬን። በአንዲት ቃል ምክንያት።» መሮውን ሴራሚኩ ላይ አኖሩ፤ መዶሻውን አነሡ። «መጀመሪያ የቱን ልስበር?»

ፀጉር አስተካካዩ ሌሊቱን ያዘጋጀውን ንግግር ትቶ፣ ውሃ መውረጃው አጠገብ ያለውን በጣቱ አሳየ።

አሥራ አንድ ቀን ሠሩ። አጎት ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። ደከመኝ አላሉም፤ ሌላውን ሁሉ ግን ብለዋል። አሸዋው ወፍራም ነው አሉ፤ ሲሚንቶው ከረጢት ላይ ያለው ጽሑፍ ነጥብ ጎድሎታል አሉ፤ ግንበኛው ገመድ ወጥሮ ዝንባሌውን ሲለካ «ይህ ገመድ ራሱ ጠማማ ነው» አሉት። ግንበኛው ከሳቸው ጋር አሥራ አንድ ቀን ውሎ የዕድሜ ልክ የዝምታ ቁጠባውን ጨረሰ፤ በመጨረሻው ቀን «አባቴ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ፣ አሸዋው እየሰማ ነው!» ብሎ ጮኸባቸው። እሳቸውም በጣም ደስ አላቸው፤ «ያረመኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ» ብለው ሳሙት። ፀጉር አስተካካዩ ጠዋት ጠዋት ፀጉር ቤቱን ከመክፈቱ በፊት ፍርስራሽ ተሸከመ፤ ማታ ከሥራ መልስም ተሸከመ። የአጎትን የመዳፍ ቁስል ነርሷ በየማታው ስታሽግ እያየ፣ አንድም ቀን «አጎትሽ» ሳይል ቀረ። አላስተዋለውም፤ ሚስቱ አስተውላለች።

የግቢው ሊሾ ፈሰሰ፤ የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክም ተለጥፎ ደረቀ። የውሃ መውረጃው ክዳን ገና አልተገጠመም። አጎት ጥጉ ላይ ጎንበስ አሉና ብይዋን አኖሩ።

«ዝም!»

ሁሉም ዝም አለ፤ አሸዋውም ጭምር።

ብይዋ ንቅንቅ አለች። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ብይ ስትነቃነቅ ፊታቸው በራ። ተንከባለለች፤ ፈጠነች፤ አንዴም ሳታወላውል መንገዷን ይዛ ወደ ቀዳዳው ሄደች። «እሰይ!» አሉ አጎት። «እሰይ! ተመልከት፣ አንተ ልጅ! ተመል...»

ጠብ አለች። ከውስጥ አንዴ ቃጭ፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ደግሞ ቃጭ፤ ከዚያ ምንም።

አጎት ትንሽ ቆመው ቀዳዳውን አዩት። «ደህና ይወርዳል» አሉ በመጨረሻ። «ይታተም።» መዶሻቸውን አንሥተው ወጡ። በር ላይ ሲደርሱ ግን ቀኝ እጃቸው ኮት ኪሳቸው ገብቶ የሆነ ነገር ፈለገ፤ ባዶውን ወጣ። ከአጥሩ አጠገብ ደግሞ ገባ፤ ደግሞ ባዶውን ወጣ።

ነርሷ ከሥራ ስትመለስ ባሏን መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ክንዱ እስከ ብብቱ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ አገኘችው። አጠገቡ የታጠፈ ሽቦ፣ የእጅ ባትሪና አንድ ጉልቻ የሚያህል የሲሚንቶ ቁራጭ አለ።

«ምን ወደቀብህ?»

«ምንም።»

«ቀለበትህ ነው?»

«ምንም አልኩሽ'ኮ!»

በማግስቱ ፀጉር ቤቱን ዘግቶ፣ አንድ ደንበኛ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ እየጠበቀው፣ ማዶ ወዳለው ሱቅ ተሻገረ። ብይ ጠየቀ። ባለሱቁ አንድ ጠርሙስ ሙሉ ብይ መስኮቱ ላይ ዘረገፈለት። አረንጓዴ ጅማት ያላትን እስኪያገኝ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሣ አየ።

«ለልጅ ነው?» አለው ባለሱቁ።

«አይ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ለአጎቴ ነው።»

ከሰዓት ክቡር አጎት እንደ ልማዳቸው የደንበኞቹን ፀጉር ለማረም ፀጉር ቤቱ መጡ። አዲሷን ብይ መስታወቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ አኖረላቸው። አጎት መነጽራቸውን አስተካከሉ። ጎንበስ ብለው አዩዋት፤ በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጓት፤ ትንሽ ተንከባልላ ማበጠሪያው ጋ ደርሳ ቆመች።

«ይቺ ብይ» አሉ፣ «ጠማማ ናት።»

ይህንንም ብለው ኪሳቸው ከተቷት፤ እጃቸውንም ከዚያ አላወጡም።